ቦሌ ላይ አንድ ሕንፃ ከመቆሙ በፊት ማን ምን ይመረምራል?

በቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል ዙሪያ፣ ከኤድና ሞል እስከ አትላስ፣ ከዚያም ወደ ገርጂ በሚወስዱት መንገዶች ዳር በቆርቆሮ የታጠረ የግንባታ ቦታ ማየት የተለመደ ነው። በአጥሩ ላይ በሚሰቀለው ሰሌዳ የባለቤቱ፣ የአማካሪውና የሥራ ተቋራጩ ስም ይነበባል፤ አንዳንዴም የሕንፃው ሥዕል ይታከልበታል። ከሰሌዳው በስተጀርባ ያለው የፈቃድ ሂደት ግን ለብዙው ነዋሪ ግልጽ አይደለም። ለጎረቤት ቤት ባለቤት፣ በምድር ቤቱ ሱቅ ለሚከራይ ነጋዴ፣ በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ እስካሁን ጤፍና ስንዴ ለሚዘራ አርሶ አደር ሂደቱን ማወቅ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ሂደቱ በአንድ መስኮት ተጀምሮ በዚያው የሚያልቅ አይደለም። አንድ ትልቅ ሕንፃ ሰው ሳይገባበት በፊት በአምስት ደረጃዎች ይታያል። እነዚህም የከተማ ፕላን፣ የመሬት ይዞታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የግንባታ ወቅት ቁጥጥርና የመጠቀሚያ ፈቃድ ናቸው። እያንዳንዱ ደረጃ የሚያነሳው ጥያቄ የተለየ ነው፤ የሚጠብቀውም ሰው እንዲሁ። ነዋሪው ልብ ሊለው የሚገባው ዋና ነገር ግን የሚከተለው ነው። የእርሱ ሐሳብ ብዙ ሊለውጥ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ሲሆን፣ ሂደቱ ወደ ፊት በገፋ ቁጥር የሚደመጥበት በር እየጠበበ ይሄዳል። ኤክስካቫተር ሥራ ከጀመረ በኋላ "ይህ ሕንፃ ለምን እዚህ ይሠራል?" ብሎ መጠየቅ የዘገየ ጥያቄ ነው። በዚያ ሰዓት ሊጠየቅ የሚችለው "በጥንቃቄ እየተሠራ ነው ወይ?" የሚለው ብቻ ነው።

ከማሳ ወደ ከተማ

የዛሬው የቦሌ ገጽታ የሁለት ትውልድ ዕድሜ ያለው ነው። የአዲስ አበባ አየር ማረፊያ በ1950ዎቹ ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር አካባቢው የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። አየር ማረፊያው መንገድን፣ መንገዱ መኖሪያ ቤትን፣ መኖሪያ ቤቱም ንግድን አስከተለ። ከጊዜ በኋላ ከተማዋ ወደ ምሥራቅ እየተለጠጠች ገርጂን፣ ሰሚትን፣ አያትን፣ ቡልቡላን፣ አራብሳንና ለሚን አዳረሰች። በቦሌ አራብሳ ሰፋፊ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተገነቡ፤ በቦሌ ለሚ የጨርቃጨርቅና የአልባሳት ፋብሪካዎች የሚገኙበት የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች በተወሰደ መሬት ላይ ለሚ ኩራ የከተማዋ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ተቋቋመ።

በዚህ ምክንያት ቦሌ ሁለቱንም የግንባታ ግምገማ ገጾች በአንድ ላይ ያሳያል። በመድኃኔዓለም ዙሪያ ጥያቄው አሮጌ ቪላ ፈርሶ በቦታው ባለ ብዙ ወለል ሕንፃ ይቁም ወይስ አይቁም የሚል ነው። በምሥራቁ ጫፍ ደግሞ ማሳው ወደ ከተማ ቦታነት ይለወጥ ወይስ አይለወጥ የሚል ይሆናል።

አንደኛው ደረጃ፦ መሬቱ ለምን ተመደበ?

ማንኛውም ግንባታ በቅድሚያ የሚመዘነው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ነው። መዋቅራዊ ፕላን የትኛው መሬት ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ፣ የትኛው ለኢንዱስትሪ፣ የትኛው ለመንገድ፣ የትኛው ለአረንጓዴ ሥፍራና ለወንዝ ዳርቻ እንደተመደበ የሚያሳይ፣ በየአካባቢው የሚፈቀደውን የሕንፃ ከፍታም የሚመራ ሕጋዊ ሰነድ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ለመዋቅራዊ ፕላን የ10 ዓመት ዘመን ሰጥቶታል። ከእርሱ ሥር ደግሞ ለአንድ ሰፈር በዝርዝር የሚዘጋጅ የአካባቢ ልማት ፕላን አለ። መዋቅራዊው ፕላን "ይህ አካባቢ ቅይጥ ነው" ካለ፣ የአካባቢ ልማት ፕላኑ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ስንት ሜትር እንደሚሰፋ፣ ሕንፃው ከመንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅና ክፍት ቦታው የት እንደሚተው ይዘረዝራል።

አዲስ አበባ አሁን የምትመራበት መዋቅራዊ ፕላን በ2009 ዓ.ም. የጸደቀ ሲሆን በቅደም ተከተል አሥረኛው እየተባለ ይጠራል። ከመርሆዎቹ መካከል በብዛት የሚነሳው የከተማውን መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ሥፍራ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የማዋል ዓላማ ነው። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ቀላል ቢመስልም ለቤት ባለቤት ትልቅ ትርጉም አለው። ቤቱ ለመንገድ በተከለለ መስመር ውስጥ ከወደቀ፣ ካርታው የጸና ቢሆን እንኳ አዲስ ግንባታ አይፈቀድለትም፤ መንገዱ ሲሠራም ቦታው ይወሰዳል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለው መስመር በመጀመሪያው ምዕራፍ ተካትቶ ሲሠራ፣ በመንገድ ዳር የነበሩ ብዙ ነዋሪዎች የፕላን መስመር ምን ማለት እንደሆነ በተግባር አይተዋል።

ሕጉ ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ ውይይት እንዲካሄድበት ያዛል። ነዋሪው "ትምህርት ቤት ይቅደም"፣ "ይህ ምንጭ አይደፈን"፣ "ይህ መንገድ በእኛ መንደር መሐል አያልፍ" ለማለት ሰፊው ዕድል ያለው በዚህ ውይይት ላይ ነው። ችግሩ ውይይቱ ሲጠራ ጉዳዩ ገና የካርታ ቀለም በመሆኑ ብዙ ሰው እንደ ሩቅ ነገር ያየዋል። ቀለሙ ወደ ግድግዳ ሲለወጥ ግን ውይይቱ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል።

በዚህ ደረጃ ላይ ሕዝብ ሳይደመጥ ቢቀር የሚከተለውን የሚያሳይ የቅርብ ታሪክ አለ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን በአንድነት ለማልማት ተዘጋጅቶ የነበረው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። የተቃውሞው ዋና ምክንያት አርሶ አደሮች ከይዞታቸው ይፈናቀላሉ የሚል ስጋት ነበር። ተቃውሞው በ2008 ዓ.ም. እንደገና ተቀስቅሶ የሰው ሕይወት ከጠፋበት በኋላ፣ ፕላኑ በዚያው ዓመት በጥር ወር መሰረዙ ተገለጸ። በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው መዋቅራዊ ፕላን ለአዲስ አበባ ብቻ ተወስኖ የተዘጋጀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚህ ታሪክ የሚታየው፣ በፕላን ደረጃ ያልተመለሰ ጥያቄ ወደፊት ይበልጥ ከብዶ እንደሚመለስ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ፦ መሬቱ የማን ነው? በምን ሁኔታስ ይተላለፋል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት እንደሆነ ይደነግጋል። በዚያው አንቀጽ ውስጥ አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው፣ መንግሥትም ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረትን ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ተጽፏል። በከተማ ዳርቻ የሚነሱ ክርክሮች ሁሉ በእነዚህ ድንጋጌዎች መካከል የሚመላለሱ ናቸው።

አንድ ማሳ ለከተማ ልማት ሲፈለግ የሚሠራበት ሕግ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። አዋጁ በመጀመሪያ ጽሑፉ የልማት ተነሺዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ እንዲመካከሩ፣ ፕላኑን ተከትለው ለማልማት አቅም ያላቸው ባለይዞታዎችም ቅድሚያ እንዲያገኙ ደንግጓል። የካሳ ስሌቱንም ከቀድሞው ሕግ ለውጦታል። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ከገጠር መሬቱ ለዘለቄታው የሚነሳ አርሶ አደር የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሳ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተመርጦ በ15 ይባዛል።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የአንድ አርሶ አደር ዓመታዊ ገቢ በአምስት ተከታታይ ዓመታት 60 ሺህ፣ 70 ሺህ፣ 80 ሺህ፣ 90 ሺህና 100 ሺህ ብር ነበር እንበል። በቀድሞው ስሌት አማካዩ 80 ሺህ ብር በመሆኑ ካሳው 800 ሺህ ብር ይሆናል። በኋለኛው ስሌት 100 ሺህ ብር በ15 ተባዝቶ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ይደርሳል። በመሬቱ ላይ ላለው ቤት፣ ዛፍና ቋሚ ተክል የሚከፈለው ለብቻው ይሰላል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ያመረተውን ኩንታል፣ የሸጠበትን ዋጋና የከፈለውን ግብር መዝግቦ መያዙ በግምቱ ወቅት የሚናገርለት ማስረጃ ይሆናል። የጽሑፍ ማስረጃ የሌለው አርሶ አደር የሌሎችን ግምት ለመቀበል ይገደዳል።

በውሳኔው ቅር የተሰኘ ባለይዞታ አቤቱታ የሚያቀርብበት ሥርዓትም በአዋጁ ተቀምጧል። ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል፣ በዚያ ውሳኔ ካልረካ በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚቻል በ2011 ዓ.ም. የወጣው ጽሑፍ ይደነግጋል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የቀረበ አቤቱታ ጭብጡ እውነት ቢሆንም ሊወድቅ ይችላል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ስለተደረገበት፣ የሚከራከር ሰው የተሻሻለውን ጽሑፍ ይዞ መቅረብ ይኖርበታል።

መሬቱ ለከተማ ከዋለ በኋላ ወደ አልሚው የሚተላለፈው በሊዝ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ጨረታንና ምደባን የማስተላለፊያ መንገዶች አድርጎ አስቀምጧል። በአዋጁ መሠረት በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት፣ የኢንዱስትሪ እስከ 70 ዓመት፣ የንግድ ደግሞ እስከ 60 ዓመት ነው። የዘመኑ ልዩነት መሬቱ ለምን እንደተሰጠ መታወቅ እንዳለበት ያሳያል። ለመኖሪያ የተሰጠን ቦታ ወደ ሆቴል ወይም ወደ ገበያ ማዕከል ለመለወጥ የፈለገ ሰው የፕላን ስምምነቱንም የሊዝ ውሉንም እንደገና ማየት ግድ ይለዋል።

የይዞታ ወሰንም በዚህ ደረጃ ይጣራል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ተለክቶና ተረጋግጦ በካዳስተር እንዲመዘገብ አድርጓል። በዚህ ሥራ ወቅት አዋሳኝ ጎረቤቶች በቦታው ተገኝተው ወሰናቸውን ማሳየታቸው ጥቅሙ የራሳቸው ነው። የወሰን ግርግር በሰነድ ደረጃ ሳይፈታ የተጀመረ ግንባታ መጨረሻው ፍርድ ቤት ይሆናል።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ሕንፃው ምን ዓይነት ነው? ይቆማል ወይ?

ፕላንና ይዞታ ከተጣሩ በኋላ ጉዳዩ ወደ ግንባታ ፈቃድ ይሻገራል። በአዲስ አበባ ይህንን ሥራ የሚመራው የከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ሲሆን በክፍለ ከተማ ደረጃም ጽሕፈት ቤቶች አሉት። የሥራው መሠረት የተጣለው በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እና እርሱን ለማስፈጸም በወጣው ደንብ ቁጥር 243/2003 ነው።

አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድቦች ከፍሏል። ምድብ "ሀ" በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ወለል ሕንፃ ወይም ከሁለት ወለል በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት ነው። ምድብ "ለ" ርቀቱ ከ7 ሜትር የሚበልጥ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ያለው፣ ነገር ግን በሦስተኛው ምድብ ያልተካተተ ሕንፃ ነው። ምድብ "ሐ" ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንፃዎች፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎች ሁሉ ይይዛል። በመድኃኔዓለም ዙሪያ የሚቆሙት ሆቴሎች፣ የገበያ ማዕከላትና ባለ ብዙ ወለል ሕንፃዎች በዚህ በሦስተኛው ምድብ የሚወድቁ ናቸው። ምርመራውም ከምድብ ወደ ምድብ እየጠበቀ ይሄዳል።

አመልካቹ በመጀመሪያ የፕላን ስምምነት ይጠይቃል፤ ይህም በዚህ ቦታ ምን ዓይነት ሕንፃ፣ በምን ከፍታ ሊሠራ እንደሚችል የሚገልጽ ማረጋገጫ ነው። ቀጥሎ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ዲዛይኖች ቀርበው በየሙያው ይመረመራሉ። የእሳት አደጋ መውጫ፣ የተሽከርካሪ ማቆሚያና ሕዝብ በሚገለገልበት ሕንፃ ላይ ለአካል ጉዳተኞች የሚያመች መግቢያም ይታያሉ። አዋጁ እነዚህን ሰነዶች መርምሮ ፈቃድ የመስጠት ወይም የመከልከል ሥልጣን የሰጠው "የሕንፃ ሹም" ለተባለ ኃላፊ ነው። በሹሙ ውሳኔ ያልተስማማ ሰው ለይግባኝ ቦርድ ማመልከት ይችላል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ከሁሉ በፊት የሚነሳው የአፈር ጉዳይ ነው። በቦሌ ብዙ ቦታዎች ከላይ ያለው አፈር አርሶ አደሮች መረሬ ወይም ዋልካ የሚሉት ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለጤፍና ለሽንብራ ምቹ የሆነው ጠባዩ ለቤት መሠረት ጠላት ነው፤ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ሲል ግድግዳውንም አብሮ ያነቃንቀዋል። ስለዚህ የመሠረቱ ጥልቀትና ዓይነት የሚወሰነው አፈሩ ተቆፍሮ ከተመረመረ በኋላ ነው። ከአፈር ምርመራ የሚቆጠብ ገንዘብ በኋላ በስንጥቅ መልክ ይከፈላል።

ሌላው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። አዲስ አበባ ከስምጥ ሸለቆ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራትም በፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የደረሱት፣ አንዳንዶቹ በመጠን ከ5 በላይ የተለኩ መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። ከሩቅ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ዝግ ባለ ሞገድ ስለሚጓዝ፣ ከአጭር ቤት ይልቅ ረጅም ሕንፃን የበለጠ ያወዛውዛል። በላይኛው ወለል የሚኖሩ ሰዎች ሲደነግጡ ከታች ያሉት አንዳች ነገር ላይሰማቸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የስትራክቸር ዲዛይን ምርመራ ዓላማም ሕንፃው የራሱን ክብደት ብቻ ሳይሆን ይህንን የጎን ግፊት ጭምር እንዲችል ማድረግ ነው።

ቦሌን ከሌሎች ክፍለ ከተሞች የሚለየው ሌላ ምርመራም አለ፤ ይኸውም የሰማዩ ነው። በአየር ማረፊያ አቅራቢያ የሚሠራ ከፍ ያለ ሕንፃ ከአቪዬሽን አንጻር የከፍታ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን መስፈርት መሠረት በትላልቅ አየር ማረፊያዎች ዙሪያ፣ እስከ 4 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ክልል ውስጥ፣ ከማረፊያው ከፍታ በላይ 45 ሜትር ላይ በዓይን የማይታይ ጣሪያ ይታሰባል። ይህንን ጣሪያ የሚያልፍ ነገር ልዩ ጥናት ይጠይቃል። ልኬቱ የሚነሳው ሕንፃው ከቆመበት መሬት ሳይሆን ከአየር ማረፊያው ከፍታ በመሆኑ፣ መሬቱ ከፍ ባለ ቁጥር ለሕንፃው የሚተርፈው ቁመት ያንሳል። ሁለት ተመሳሳይ ቦታ ያላቸው ጎረቤታሞች በተለያየ ተዳፋት ላይ ቢሆኑ የተለያየ ከፍታ ሊፈቀድላቸው የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፋብሪካን ለመሰለ በአካባቢው ላይ ጉልህ ጉዳት ሊያስከትል ለሚችል ፕሮጀክት ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይደረጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና ጉዳቱ የሚነካቸው ሰዎች አስተያየት እንዲሰጡበት ያዛል። ከፋብሪካ የሚለቀቅ ፍሳሽ በየትኛው ወንዝ እንደሚወርድ፣ ያ ውኃ የማንን ከብት እንደሚያጠጣና የማንን አትክልት እንደሚያለማ ከማንም በላይ የሚያውቀው በወንዙ ዳር የሚኖር ሰው ነው። የእርሱ ምስክርነት በግምገማው ላይ ካልሰፈረ ባለሙያው በጽሕፈት ቤት ሆኖ ሊያገኘው አይችልም።

አራተኛው ደረጃ፦ እንደተፈቀደው እየተሠራ ነው ወይ?

ፈቃድ ማለት የሥራው መጀመሪያ እንጂ የምርመራው መጨረሻ አይደለም። ባለፈቃዱ ሥራ ሲጀምር ማሳወቅ፣ ከዚያም መሠረቱና ሌሎች ዋና ዋና ክፍሎች በየደረጃቸው እንዲታዩ ማድረግ ይጠበቅበታል። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ውስጡ ያለውን ብረት ማየት ስለማይቻል የምርመራው ሰዓት ከመፍሰሱ በፊት ነው።

የጎረቤት ስጋት የሚነሳው በተለይ በቁፋሮ ወቅት ነው። በመድኃኔዓለም አካባቢ ብዙ አዳዲስ ሕንፃዎች ከምድር በታች የመኪና ማቆሚያ ስላላቸው ጉድጓዱ ከጎረቤት ቤት መሠረት ዝቅ ይላል። የተደገፈ አፈር ድጋፉን ሲያጣ መንሸራተቱ፣ በላዩ ያለው ግድግዳም መሰንጠቁ አይቀርም። የሕንፃ ሕጉ ቆፋሪው የአዋሳኙን ንብረት ከጉዳት የሚጠብቅ እርምጃ አስቀድሞ እንዲወስድ ግዴታ ጥሎበታል። ጎረቤቱ ደግሞ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የቤቱን ግድግዳ፣ ወለልና አጥር ቀኑ ከሚታወቅ ፎቶግራፍ ጋር ማስመዝገቡ ብልህነት ነው። ስንጥቁ ቀድሞ የነበረ ነው ወይስ በቁፋሮው የመጣ የሚለው ክርክር የሚፈታው በዚህ ማስረጃ ነው። ቁፋሮው አደገኛ መስሎ ከታየው አቤቱታውን በጽሑፍ ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት አስገብቶ የተቀበሉበትን ቁጥር መያዝ አለበት።

በዚህ ደረጃ ከሚታዩት የተለመዱ ጥሰቶች መካከል ከተፈቀደው በላይ ወለል መጨመር፣ ለመኪና ማቆሚያ የተፈቀደውን ምድር ቤት ወደ ሱቅ መለወጥና ክፍት መተው የነበረበትን ቦታ መዝጋት ይገኙበታል። ለአንድ ባለሕንፃ ጥቂት ካሬ ሜትር የሚመስለው ለመንገዱ የማይፈታ መጨናነቅ ይሆናል፤ በሕንፃው ውስጥ ማቆሚያ ያጣ መኪና የሚቆመው በእግረኛው መንገድ ላይ ነውና።

አምስተኛው ደረጃ፦ ሰው ሊገባበት ይችላል ወይ?

ምድብ "ሐ" የሆነ ሕንፃ ከተጠናቀቀ በኋላ አገልግሎት የሚሰጠው የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲያገኝ ነው። በዚህ ጊዜ የሚታየው ሕንፃው በጸደቀው ዲዛይን መሠረት መሠራቱና ለተጠቃሚው ደኅንነት ብቁ መሆኑ ነው። ቢሮ ወይም ሱቅ የሚከራይ ሰው የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት ይህንን ፈቃድ ለማየት መጠየቁ ነውር የለውም። አፓርታማ የሚገዛም ሰው እንዲሁ የይዞታ ማረጋገጫውን፣ የግንባታ ፈቃዱንና የመጠቀሚያ ፈቃዱን አስተያይቶ የወለሉ ብዛትና የአገልግሎቱ ዓይነት በሦስቱም ላይ አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባዋል።

በሌሎች ከተሞችስ?

ይህ ሥርዓት የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። የፕላን፣ የሊዝና የሕንፃ አዋጆቹ የፌዴራል ሕጎች በመሆናቸው በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደሴና በደብረ ብርሃንም ይሠራሉ፤ የሕንፃ አዋጁ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ተፈጻሚ እንዲሆን ተደርጎ የወጣ ነው። የሚለያየው የጽሕፈት ቤቶቹ ስያሜና የየከተማው ዝርዝር መመሪያ ነው። በከተማ ዙሪያ የሚኖሩ አርሶ አደሮች ጥያቄም በቦሌ አራብሳም ሆነ በባሕር ዳር ዳርቻ ተመሳሳይ ነው፤ ማሳችን በፕላኑ ላይ ምን ተብሎ ተቀብቷል? መቼ ይፈለጋል? ካሳው በምን ይሰላል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ትክክለኛው ሰዓት ፕላን ሲረቀቅ ነው። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን በ2009 ዓ.ም. ለ10 ዓመት የጸደቀ በመሆኑ ዘመኑ የሚያበቃው በ2019 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ቀጣዩ ፕላን ለውይይት በሚቀርብበት ጊዜ የሚነሳ አንድ የጽሑፍ አስተያየት፣ ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ከሚቀርቡ ብዙ አቤቱታዎች የበለጠ ሊሠራ ይችላል። እስከዚያው ማንኛውም ባለይዞታ በእጁ ያለውን ካርታ ይዞ ወደ ክፍለ ከተማው ወይም ወደ ከተማው የፕላን ጽሕፈት ቤት በመሄድ ቦታው በአሁኑ ፕላን ለምን አገልግሎት እንደተመደበና በየትኛው የመንገድ ስፋት ክልል ውስጥ እንደሚገኝ መጠየቅ ይችላል። ቤት ለማደስ፣ ለመሸጥ ወይም ለልጅ ለማውረስ ከማሰብ በፊት መታወቅ ያለበት መረጃ ይኸው ነው።